ስለ ሞድላሮይት መንደር ለተጠየቀው ጥያቄ

ኑርንበርግ የሚኖሩ አንድ የቡድናችን አባል፣ በባቫሪያና በቱሪንጂያ ድንበር ላይ ያለችው ሞድላሮይት ምን ዓይነት መንደር እንደሆነች፣ ልጆች ይዞ ለአንድ ቀን መሄዱም ያዋጣ እንደሆነ ጠይቀዋል። እንግዳ በመጣብኝ ቁጥር የምወስድባት ቦታ ስለሆነች የማውቀውን ልጻፍልዎ። ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሞድላሮይት ፎግትላንድ በሚባለው ኮረብታማ አካባቢ፣ ከሆፍ ከተማ በስተሰሜን የምትገኝ፣ ሃምሳ ያህል ሰው የሚኖርባት የገበሬ መንደር ናት። መሀሏን ታንባኽ የሚባል ጅረት ይከፍላታል፤ ጅረት መባሉም ይበዛበታል፣ ልጅ እንኳ ዘሎ የሚሻገረው ውኃ ነው። ሆኖም ይህ ውኃ ከጥንት ጀምሮ የሁለት ግዛቶች ወሰን ነበር። በ1810 የባቫሪያ ንጉሣዊ መንግሥትና የሮይስ መስፍናዊ ግዛት የስማቸው መነሻ ፊደላት የተቀረጸባቸውን የወሰን ድንጋዮች በዳርቻው ተከሉ። የመንደሩ ሰው ግን ወሰኑን ከቁም ነገር አልቆጠረውም፤ ትምህርት ቤቱና መጠጥ ቤቱ በቱሪንጂያ በኩል፣ የሚሳለሙት ቤተ ክርስቲያን ደግሞ በባቫሪያዋ ቶፐን ስለነበሩ፣ ወዲያና ወዲህ ሲመላለስ ኖሯል።

መከራው የመጣው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ ቱሪንጂያ በሶቪየት፣ ባቫሪያ በአሜሪካ ጦር እጅ ሲወድቁ ነው። በ1952 በሶቪየት በተያዘው ክፍል የተመሠረተችው ምሥራቅ ጀርመን በድንበሯ ላይ 5 ኪሎ ሜትር ስፋት ያለው የተከለለ ቀጠና ስታውጅ፣ በመንደሩ መሀል የእንጨት አጥር ቆመ፤ ከቤታቸው ተነቅለው የተወሰዱ ቤተሰቦችም ነበሩ። በ1966 ደግሞ 700 ሜትር ርዝመትና 3.3 ሜትር ከፍታ ያለው የኮንክሪት ግንብ ተሠራ፤ አሜሪካኖቹ «ትንሿ በርሊን» ያሏት በዚህ የተነሳ ነው። በምሥራቅ በኩል ያለ ሰው ማዶ ለሚያየው ዘመዱ እጁን ማውለብለብ እንኳ ተከልክሎ ነበር። የበርሊኑ ግንብ በኖቬምበር 9 ቀን 1989 ሲከፈት፣ እዚህ የእግረኛ መተላለፊያ እስኪከፈት ድረስ አንድ ወር ሙሉ፣ እስከ ዲሴምበር 9፣ መጠበቅ ግድ ሆኗል። በጁን 1990 ግንቡ በቡልዶዘር ሲፈርስ፣ 100 ሜትር ያህሉ ለመታሰቢያ ቀረ።

ወደ ጥያቄዎ ስመለስ፣ መሄዱ በእርግጥ ያዋጣል። በርሊን ውስጥ የግንቡን ቅሪት ከተማው ውጦታል፤ እዚህ ግን ጅረቱን፣ ግንቡን፣ የሽቦ አጥሩን፣ የጥበቃ ማማውንና ከኋላቸው ያለውን የእርሻ ማሳ አንድ ላይ ያያሉ፣ አንድን መንደር ለሁለት መክፈል ምን ያህል ዝግጅት እንደሚጠይቅም ያኔ ይገባዎታል። ብዙ ጎብኚ በቀጥታ በመንደሯ ወዳለው የድንበር ሙዚየም ይገባል፤ እኔ የምመክረው አስቀድመው በጅረቱ ዳር እንዲሄዱና የወሰን ድንጋዮቹን ለልጆቹ እንዲያሳዩአቸው ነው፤ ምክንያቱም ግንቡን ብቻ ያየ ልጅ «ይኼ ብቻ ነው?» ማለቱ አይቀርም።

ከሁሉ ይልቅ የሚገርመኝ ግን መንደሯ ዛሬም በሁለት አስተዳደር ሥር መሆኗ ነው። የባቫሪያው ወገን በቶፐን፣ የቱሪንጂያው በጌፌል ሥር ስለሆነ፣ የፖስታ ቁጥሩም የመኪናው ታርጋም ይለያያል። ኦክቶበር 31 ቀን የቱሪንጂያው ነዋሪ የተሐድሶን በዓል ሲያከብር የባቫሪያው ሥራ ይገባል፤ በማግሥቱ የቅዱሳን ሁሉ በዓል ሲሆን ደግሞ ተራው ይገለበጣል።

በመኪና ከሆነ በአውቶባን 9 ወደ ሰሜን ተጉዘው ወደ 72 ይታጠፉና በሆፍ/ቶፐን መውጫ ይውጡ። በባቡር እስከ ሆፍ በዶይችላንድ ቲኬት (በመላው ጀርመን በክልል ባቡሮች በሚያገለግለው ወርሃዊ ቲኬት) መድረስ ይቻላል፤ ፕራግ በሚገኘው የምዕራብ ጀርመን ኤምባሲ ተጠልለው የነበሩት ምሥራቅ ጀርመናውያን በኦክቶበር 1 ቀን 1989 በባቡር የደረሱትም እዚሁ ጣቢያ ነው። ከዚያ ወደ መንደሯ የሚወስደውን አውቶቡስ ግን አስቀድመው ያጣሩ፤ ልጆች ይዘው ከሆነ መኪና ይሻላል።