መጀመሪያ ወገባችሁን ለኩ

ውድ ልጆቼ፣

የታላቁ ሩጫ ቲሸርት እጃችሁ ሲገባ ወይም የሠርግ ቀን ሲቃረብ ብዙዎቻችሁ በአንድ ቀን ስፖርተኛ ለመሆን ትነሳላችሁ። ከጠዋቱ 12 ሰዓት መስቀል አደባባይ ደረጃው ላይ ትገኛላችሁ። በሦስተኛው ቀን ጉልበት ያብጣል፣ በሁለተኛው ሳምንት ጫማው አልጋ ሥር ይገባል። ፍላጎት አጥታችሁ አይደለም። ሰውነታችሁ የት እንዳለ ሳታውቁ ስለጀመራችሁ ነው።

ሁላችሁም የምትቆጥሩት ኪሎ ነው። ሚዛን ግን ጡንቻውን፣ ስቡን፣ ውሃውን፣ አንጀት ውስጥ ያለውን ምግብ ሁሉ ደምሮ አንድ ቁጥር ይሰጣችኋል። ቁመታቸው 1 ሜትር ከ72፣ ክብደታቸው 75 ኪሎ የሆኑ ሁለት ወንዶችን አስቡ። የአንዱ ወገብ 82 ሴንቲ ሜትር፣ የሌላው 98 ነው። ሚዛኑ ላይ እኩል ናቸው፣ ጉበታቸው ግን እኩል አይደለም። በሆድ ዕቃ ዙሪያ የሚከማቸው ስብ ከቆዳ ሥር ካለው ይልቅ የደም ስኳርን የሚቆጣጠረውን ሆርሞን፣ የኢንሱሊንን ሥራ ያውካል፤ ስኳርና ግፊትም እሱን ተከትለው ይመጣሉ።

ቀጭኖችም አትዘናጉ። በ1998 እ.ኤ.አ. የታተመ የተለያዩ ሕዝቦችን ያነጻጸረ ትንተና ነበር። በውስጡ የተካተቱት ኢትዮጵያውያን የስብ መጠናቸው ከነጮቹ ጋር እኩል ሆኖ ሳለ፣ ክብደትን ከቁመት ጋር የሚያነጻጽረው ቢኤምአይ በ4.6 ዝቅ ብሎ ተገኝቷል። «ቢኤምአዬ 23 ነው፣ ጤነኛ ነኝ» የሚለው ወጣት ሳያውቀው ቦርጩን ተሸክሞ ሊሄድ ይችላል ማለት ነው።

ስለዚህ የልብስ ሰፊ ሜትር ያዙ። ጠዋት ሽንት ቤት ከሄዳችሁ በኋላ፣ ቁርስ ሳትቀምሱ፣ ልብሳችሁን ገልጣችሁ ቁሙ። በጎናችሁ በኩል የመጨረሻዋን የጎድን አጥንት በጣት ፈልጉ፣ ከዚያ የዳሌውን አጥንት አናት። ሜትሩ የሚዞረው በሁለቱ መካከል ነው። ቀበቶ በሚታሰርበት ቦታ መለካት የተለመደ ስህተት ነው፤ ቦርጭ ያለው ሰው ሱሪውን ከቦርጩ በታች ስለሚታጠቅ ቁጥሩ ያታልለዋል። ሆዳችሁን ሳትስቡ፣ እንደ ወትሮው ተንፍሳችሁ፣ ከትንፋሹ መጨረሻ ላይ አንብቡ። ወገብ ከቁመት ግማሽ አይለፍ፤ 172 ሴንቲ ሜትር ለሆነ ሰው 86 ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የአደጋ መነሻ ያደረገው ለወንድ 94፣ ለሴት 80 ሴንቲ ሜትር ነው።

ከመሮጣችሁ በፊት ደግሞ ልባችሁን ጠይቁ። ከአልጋ ሳትነሱ አመልካችና መሐል ጣታችሁን የእጅ አንጓችሁ ላይ፣ በአውራ ጣት በኩል አድርጋችሁ ለአንድ ደቂቃ ቁጠሩ። በአውራ ጣት አትቁጠሩ፤ የራሱ ምት ስላለው ያሳስታል። ከ60 እስከ 100 የተለመደ ነው፣ በልምምድ የጠነከረ ሰው ከዚያ ዝቅ ይላል። ስትንቀሳቀሱ ደረታችሁን የሚያፍናችሁ፣ ራሳችሁን ስታችሁ የምታውቁ፣ በቤተሰባችሁ በወጣትነቱ በድንገት የሞተ ሰው ያለ፣ ለግፊት ወይም ለስኳር መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ ሐኪም ሳያያችሁ አትጀምሩ። አንድ ነገር ልጨምር፦ በልጅነታችሁ ጉሮሯችሁን ታማችሁ፣ ከሳምንታት በኋላ መገጣጠሚያችሁ ያበጠ ከሆነ ችላ አትበሉት። በአገራችን ወጣቶችን ከሚጎዱት የልብ ሕመሞች ዋናው የሩማቲክ ሕመም መነሻው ይህ ነው፤ የልብ ቫልቭ መጎዳቱን በአልትራሳውንድ ማየት ይቻላል።

አሁን ወደ ሜታቦሊዝም፣ ሰውነት ኃይል ወደሚያቃጥልበት ሥራ። ሰውነታችሁ ተኝታችሁም ያቃጥላል፣ መጠኑንም በግምት ማስላት ትችላላችሁ። ኪሎን በ10፣ በሴንቲ ሜትር የተለካ ቁመትን በ6.25 አባዙና ደምሩ፤ ከዚያ ዕድሜን በ5 አባዝታችሁ ቀንሱ። ወንድ 5 ይጨምራል፣ ሴት 161 ትቀንሳለች። የ25 ዓመት ሴት፣ 60 ኪሎ፣ 160 ሴንቲ ሜትር ብትሆን በቀን 1,314 ካሎሪ ይወጣላታል። ይህ ልብ፣ አንጎል፣ ጉበትና ኩላሊት ሥራቸውን እንዲሠሩ ብቻ ነው። ይህች ልጅ በቀን 800 ካሎሪ እየበላች ልክሳ ብትል ከስቡ ጋር ጡንቻዋም ይሄዳል፣ የወር አበባዋ ሊዛባ ይችላል። በሳምንት ግማሽ ኪሎ መቀነስ ይበቃል።

ስለ ጡንቻ ብዙ ይጋነናል። አንድ ኪሎ ጡንቻ በዕረፍት ጊዜ በቀን 13 ካሎሪ ገደማ ነው የሚያቃጥለው፣ አንድ ኪሎ ስብ ደግሞ 4 ተኩል ያህል። ሁለት ኪሎ ጡንቻ ብትጨምሩ የቀን ትርፉ ከሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር አይበልጥም። የጡንቻ ዋና ጥቅሙ ሌላ ነው፦ ከምግብ በኋላ ደም ውስጥ የሚገባውን ስኳር ከሚቀበሉት ዋነኛው እሱ ነው። «30 ሲሞላኝ ሜታቦሊዝሜ ወደቀ» የምትሉትም ልክ አይደለም። በ2021 እ.ኤ.አ. የወጣ ሰፊ ጥናት እንዳሳየው፣ የሰውነት መጠን ታሳቢ ሲደረግ የሚቃጠለው ኃይል ከ20 እስከ 60 ዓመት ብዙ አይለወጥም። የተለወጠው መቀመጣችሁና ዘይታችሁ ነው።

ዘይት ካልኩ አይቀር፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ነው። ሽሮ ላይ ከጠርሙሱ በቀጥታ ሲንቆረቆር አራት ማንኪያ ለመግባት አንድ አፍታ ይበቃዋል። በጾም ወራት ኪሎ የሚጨምሩ ሰዎች ምክንያቱ ብዙ ጊዜ እዚያ ድስት ውስጥ ነው። በማንኪያ ለኩ። ስፖርት ለሚሠራ ሰው ፕሮቲን በኪሎ ከ1.2 እስከ 1.6 ግራም ያስፈልጋል፤ ለ60 ኪሎ ሰው ከ72 ግራም ይጀምራል። 100 ግራም የበሰለ ምስር 9 ግራም ገደማ ስለሚሰጥ፣ ጿሚ በአንድ ጭልፋ ወጥ አይሞላለትም። ሽንብራ ቆሎ፣ ባቄላና አተር በየማዕዱ ይግቡ።

አካሄዱ ቀላል ነው። ሁለት ሳምንት በሳምንት 5 ቀን፣ 30 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ። በሦስተኛው ሳምንት አንድ ደቂቃ ሶምሶማ፣ ሁለት ደቂቃ እርምጃ፣ 10 ጊዜ። እየሄዳችሁ ማውራት ካልቻላችሁ ፈጥናችኋል። በሳምንት ሁለት ቀን ከወንበር ተነስቶ መቀመጥና ግድግዳ ላይ ፑሽ አፕ፣ አሥር አሥር፣ ሁለት ዙር። ትንፋሽ በሳምንታት ይሻሻላል፤ ጅማት ግን ወራት ይፈልጋል፣ ጉልበት የሚያብጠውም ትንፋሹ ጅማቱን ሲቀድመው ነው። ርቀትና ፍጥነት በአንድ ሳምንት አብራችሁ አትጨምሩ። ከባሕር ጠለል እምብዛም ከፍ ካላለ አገር ለዕረፍት የመጣችሁም፣ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናትና የመጀመሪያውን ሳምንት በእርምጃ አሳልፉ። እንጦጦ ይቆያችሁ።

ላስቲክ ለብሶ መሮጥ ውሃ እንጂ ስብ አይቀንስም፤ ሰውነትን ያግላል፣ ሰው ይጥላል። ሲት አፕም የሆድ ጡንቻ ያጠነክራል እንጂ የሆድ ስብ ለይቶ አያቀልጥም። ከመጀመሪያው ቀን በኋላ የጡንቻ ሕመሙ ሦስት ቀን ቢቆይ አትደንግጡ። ሽንታችሁ ግን ኮካ ከመሰለ ጡንቻ ፈርሶ ወደ ኩላሊት እየሄደ ሊሆን ይችላልና በዚያው ሰዓት ሐኪም ቤት ሂዱ።

በአራተኛው ሳምንት በዚያው ሜትር፣ በዚያው ሰዓት ለኩና ከመጀመሪያው ቁጥር ጎን ጻፉት። ኪሎው ሳይነቃነቅ ወገቡ ሁለት ሴንቲ ቀንሶ ካገኛችሁት ምንም አትቀይሩ፣ ቀጥሉ።