«ኒና ማርኒ?» — ስለ አቦርጂናል ቋንቋዎች ለጠየቃችሁኝ

እዚህ አውስትራሊያ፣ አደላይድ ከተማ ውስጥ ባንድ መዋዕለ ሕፃናት ነው የምሠራው። «የአገሬው ነባር ሕዝብ፣ የአቦርጂናሎች ቋንቋ ለሕፃናት ይሰጣል» ብዬ ከተናገርኩ ወዲህ ጥያቄው ጎርፎብኛል። እስኪ የቻልኩትን ልመልስ። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ልጄ ከኬጂ መጥታ «ኒና ማርኒ?» ትለኛለች። ምን ማለቷ ነው?

መልስ፦ ደህና ነሽ ወይ እያለችሽ ነው። «ማርኒ አይ» በያት፤ ደህና ነኝ ማለት ነው። ቋንቋው በእንግሊዝኛ ሲጻፍ ካውርና ይመስላል፤ ሲነገር ግን ጋርና ነው። ጋርና የሕዝቡም ስም ነው፤ አደላይድ የተቆረቆረችው በነሱ መሬት ላይ ነው።

ጥያቄ፦ እህታለም፣ እኔ የሰማሁት ቋንቋው ሞቷል ሲባል ነው። የሞተ ቋንቋ ማን ያስተምረዋል?

መልስ፦ «ሞተ» የሚለውን ቃል ባለቤቶቹ አይወዱትም። ተኝቶ ነበር ነው የሚሉት። አቀላጥፈው ይናገሩ ከነበሩት የመጨረሻዋ የሚባሉት ኢቫሪጂ የተባሉ ሴት በ1929 ዐረፉ። ቋንቋውን ያተረፈው ወረቀት ነው። በ1838 ታይሸልማንና ሹርማን የሚባሉ ሁለት ጀርመናዊ ሚስዮናውያን መጡ። በማግሥቱ ዓመት ወንዙ ዳር፣ ፒልታዎድሊ በሚባል ቦታ፣ ትምህርት ቤት ከፍተው ልጆቹን በገዛ ቋንቋቸው ማንበብና መጻፍ አስተማሩ። በ1840 ሰዋስውና ሁለት ሺህ ገደማ ቃላት ያሉበት መጽሐፍ አሳተሙ። ልጆቹ በጋርና የጻፏቸው ደብዳቤዎች እንኳ ጀርመን ተልከው ተርፈዋል።

መንግሥት ግን ትምህርት ቤቱን በ1845 ዘጋው። ልጆቹም እንግሊዝኛ ብቻ ወደሚሰጥበት ሄዱ። እኛ ዛሬ እንደ አዲስ ነገር የምናወራለት ትምህርት ያኔ ነበረ ማለት ነው፤ የቆየው ስድስት ዓመት ብቻ ነው እንጂ።

በ1990ዎቹ መጀመሪያ የጋርና ቤተሰቦች ከቋንቋ ምሁራን ጋር ሆነው ያን መጽሐፍ አቧራውን አራገፉለት። መጀመሪያ ዘፈን ተሠራ፤ ቀጥሎ ክፍል ውስጥ ገባ። በ2002 ሥራውን የሚመራ ጋርና ዋራ ፒንትያንቲ የሚባል ኮሚቴ ተቋቋመ። አዲስ ቃልም ይወጣል። ኮምፒውተር «ሙካርንቱ» ነው፤ አንጎልና መብረቅን አጋጥመው። እኛ እንኳ ኮምፒውተር ብለን ተገላግለናል።

ጥያቄ፦ እንደ ግዕዝ ነው በይና?

መልስ፦ በከፊል። ግዕዝ ድምፁ ጠፍቶ አያውቅም፤ ቅዳሴው አለ፣ የቄስ ትምህርት ቤቱ አለ። ጋርና ግን በመሀል ዝም ብሎ ነበር። በሌላ በኩል ደግሞ በግዕዝ «ጫማህን አድርግ፣ እጅህን ታጠብ» የሚል ሰው አላየሁም። እኛ ጋ የሚጀመረው ከዚያ ነው። የሦስት ዓመት ልጅ ሰዋስው አይፈልግም፤ በቀን አሥር ጊዜ የሚሰማትን ትእዛዝ ነው የሚይዘው።

ጥያቄ፦ ከእስራኤል ነኝ። እዚህ ዕብራይስጥ ከሞተ በኋላ ተነሥቷል ይሉናል። ግንኙነት አለው?

መልስ፦ አለው። ጊልዓድ ዙከርማን የሚባሉ እስራኤል የተወለዱ የአደላይድ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር የዕብራይስጡን ልምድ ይዘው ከ2011 ጀምሮ ባርንጋርላ ከሚባል ሌላ የአቦርጂናል ሕዝብ ጋር ቋንቋውን ለማንሣት ሠርተዋል። መነሻቸው ያው ሹርማን በ1844 ያሳተመው መዝገበ ቃላት ነው።

ጥያቄ፦ አቦርጂናሎች ስንት ቋንቋ ነው ያላቸው?

መልስ፦ እንግሊዞች በ1788 ሲመጡ ከ250 በላይ ነበሩ። በ2020 የወጣ ብሔራዊ ጥናት 123 ይነገራሉ ይላል፤ ጠንካራ ናቸው ያላቸው ግን 12 ብቻ ናቸው።

ጥያቄ፦ ልጆቹ በእንግሊዝኛ ወደ ኋላ አይቀሩም?

መልስ፦ ሁለት ነገር አትቀላቅሉ። የአደላይድ ልጅ እንግሊዝኛ ለምዶ ነው የሚመጣው፤ ጋርና ይጨመርለታል። ሰሜን አውስትራሊያ፣ ይርካላ የመሰለ ቦታ፣ ልጁ ቤቱ የሚያወራው ዮልንጉ ነው፤ እንግሊዝኛ ለሱ ባዕድ ነው። እዚያ ከ1973 ጀምሮ በሁለት ቋንቋ ማስተማር ተፈቅዶ ነበር። በ2008 ግን የየቀኑ የመጀመሪያ አራት ሰዓት በእንግሊዝኛ ይሁን የሚል ትእዛዝ ወረደ። አራት ሰዓት ማለት የትምህርት ቀኑ አለቀ ማለት ነው! በኋላ ተነሣ፤ ግን ብዙ አበላሽቶ ነው የሄደው ባይ ነኝ። በአፍ መፍቻ ቋንቋው ሀ ሁ የቆጠረ ሰው ይሄ አይጠፋውም።

ጥያቄ፦ የኛ ልጆች አማርኛው እየጠፋባቸው የሰው ቋንቋ ምን ይጠቅማቸዋል?

መልስ፦ ያየሁትን ልንገርሽ። ጋርናዎች ጋ ልጅ በተወለደበት ተራ ይሰየማል። የበኩር ወንድ ካርታሚሩ፣ የበኩር ሴት ካርታንያ። ይሄን ለልጆቹ ስነግር አንድ የሐበሻ ልጅ ቤት ገብቶ «እኔስ ለምን ምትኩ ተባልኩ?» ብሎ አባቱን ጠየቀ። አባትየው ከሱ በፊት ስለሞተው ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ነገረው። ያንን ወሬ ያወሩት በአማርኛ ነው።

ጥያቄ፦ እኔም ሲድኒ ኬጂ አስተማሪ ነኝ። ቃላቱን ከኢንተርኔት አውርጄ ላስተምር?

መልስ፦ ተይው! እኔ ሠርቼዋለሁ። የሚያምር የእንስሳት ፖስተር አትሜ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩ። አንዲት የጋርና እናት ሊጎበኙን መጡ። አዩት፣ ሳቅ አሉና «ቆንጆ ነው፤ የኛ ግን አይደለም» አሉኝ። ለካ የለጠፍኩት የሌላ ክፍለ ሀገር ቋንቋ ኖሯል። አፈርኩ። ቋንቋው ባለቤት አለው። መጀመሪያ የአካባቢሽን የቋንቋ ማዕከል ጠይቂ። ባለቤቶቹ አስተማሪ ከላኩልሽ ደግሞ ክፈሉ፤ «በጎ ፈቃድ ነው» እያሉ ሽማግሌ ማድከም ነውር ነው። እናንተ ጋ እንዲያውም በ2017 የአቦርጂናል ቋንቋዎች ሕግ ወጥቷል። እዚያው ክፍለ ሀገራችሁ፣ ኮፍስ ሃርበር ከተማ ደግሞ በ2022 ጉምባይንጊር በሚባለው የአካባቢው ቋንቋና በእንግሊዝኛ የሚያስተምር ትምህርት ቤት ተከፍቷል። ቢቻልሽ ሄደሽ እይው።

ጥያቄ፦ እኔ ለቤቱ ሦስተኛ ልጅ ነኝ፣ ሴት። በጋርናዎች ደንብ ስሜ ማን ሊሆን ነው?

መልስ፦ ኩድናርቱ። ግን ራስሽን እንዲያ ብለሽ እንዳትጠሪ። ስም ሰው ነው የሚያወጣልሽ።