የአዘዞው ልጅ ቆጥሯል

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ማራኪ ሰፈር አብረን ያደግን አራት ጓደኛሞች ነን። ዩኒቨርሲቲው ግቢ አካባቢ ጁስ ቤት ልንከፍት ብር አዋጥተናል። አምስተኛ ሆኖ የገባው የአዘዞ ልጅ ግን «መንገዱ ላይ ሰባት ጁስ ቤት ቆጥሬያለሁ፣ ይቅርብን» ይላል። እኛ እርግጠኞች ነን። እሱን ትተን እንቀጥል ወይ?
ከማራኪ፣ ጎንደር

መልስ፦ ወንድሜ፣ ደብዳቤህን ሁለቴ አነበብኩት። ሰባት ያለው ልክ ይሁን አይሁን አልነገርከኝም። ልጁ የአዘዞ መሆኑን ግን ነግረኸኛል።

ሰው «የኛ» እና «የነሱ» ለመባባል ትንሽ ነገር ይበቃዋል። ሄንሪ ታጅፌል የሚባል የሥነ ልቦና ተመራማሪ እንግሊዝ አገር፣ ብሪስቶል ውስጥ የ14 እና የ15 ዓመት ልጆችን በዕጣ ለሁለት ከፈላቸው። ለልጆቹ የተነገራቸው በሥዕል ምርጫቸው እንደተለዩ ነበር። ገንዘብ አካፍሉ ሲባሉ ለየወገናቸው አበልጠው አደሉ። የራሳቸው ቡድን ድርሻ ቢያንስም እንኳ ሌላውን በልጦ መገኘትን የመረጡ ነበሩ። እናንተ ደግሞ ጥምቀትን አብራችሁ እየጨፈራችሁ ነው ያደጋችሁት!

እርግጠኝነቱን በተመለከተ፣ ሰው በገበያ እንዴት እንደሚወስን የሚያጠኑት ኮሊን ካሜረርና ዳን ሎቫሎ እ.ኤ.አ. በ1999 ያሳተሙትን ጥናት ልንገርህ። ተሳታፊዎቹ ገበያ ልግባ ወይስ ይቅርብኝ ብለው ይወስናሉ። ትርፉ በዕድል ነው ሲባሉ ይጠነቀቃሉ። በችሎታ ነው ሲባሉ ግን በብዛት ይገባሉ። ብዙዎቹ ገበያው በጠቅላላው እንደሚከስር እየገመቱ፣ «እኔ ግን አተርፋለሁ» ብለው ነው የገቡት። ጎናቸው ያለው ሰውም በራሱ ተማምኖ እንደገባ አላሰቡም። ሰባቱን ጁስ ቤቶች የከፈቷቸው ሰዎችም እንደናንተው እርግጠኞች ነበሩ።

እኔም ደርሶብኛል። ከዕቁብ ጓደኞቼ ጋር ወፍጮ ቤት ከፍተን ነበር። ከደባርቅ የመጡ አንዲት እናት «ልጆቼ፣ እዚህ ሦስት ወፍጮ አለ» ብለውን ነበር። እንግዳ ስለ ሰፈራችን ምን ያውቃል ብለን አለፍናቸው። በስምንተኛው ወር ድንጋዩን ለአራት ተሸክመን ጋሪ ላይ ስንጭን ውሃ ያቀበሉን እሳቸው ናቸው።

ስለዚህ አትቀጥሉ፣ ገና ነው። መጀመሪያ አምስታችሁም ሳትነጋገሩ፣ በቀን ስንት ብርጭቆ እንደምትሸጡ በየወረቀታችሁ ጻፉ። ተማሪው ለእረፍት ሲሄድ፣ በሐምሌ ዝናብ ስንት እንደሚሆንም ለብቻው ጻፉ። ቀጥሎ ጋሪ ክላይን የሚባል የሥነ ልቦና ተመራማሪ የሚመክረውን አድርጉ፦ ዓመት አልፎ ቤቱ ተዘግቷል በሉና፣ ምን ዘጋው የሚለውን እያንዳንዳችሁ ጻፉ። መብራት? የቤት ኪራይ? የአቮካዶ ዋጋ? የአዘዞው ልጅ ወረቀት መጀመሪያ ይነበብ። ከዚያ ከሰዓት በኋላ አብራችሁት ውጡና፣ በሰባቱም ቤት ባዶውን ወንበር ቁጠሩ። ያገኛችሁትን ጻፍልኝ፣ እጠብቃለሁ።