ምርመራው ንጹሕ ነው፤ ሕመሙ ግን አልተወኝም

ጥያቄ፦ ከሁለት ዓመት ወዲህ ጠዋት ጠዋት ሆዴን ይቆርጠኛል፤ መጸዳጃ ቤት ስሄድ ይቀልለኛል። አንዱን ሳምንት ድርቀት፣ ሌላውን ተቅማጥ ነው፤ ወደ ማታ ሆዴ ከመነፋቱ የተነሣ ቀበቶዬን እፈታለሁ። የደም፣ የሰገራና የኮሎኖስኮፒ (ትልቁን አንጀት በካሜራ የማየት) ምርመራዬ ንጹሕ ስለ ሆነ «አይ.ቢ.ኤስ (የአንጀት መቆጣት) ነው» ተባልሁ። ቤተሰቦቼ «ጭንቀት ነው» ይሉኛል። የጠረጠርሁትን ምግብ ሁሉ ስተው ቆይቼ አሁን የምበላው ሊያልቅብኝ ነው። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ሕመምዎ እውነተኛ ነው። ኮሎኖስኮፒ ቁስል፣ ዕጢ ወይም ብግነት ካለ ያሳያል፤ አይ.ቢ.ኤስ ግን የአሠራር መዛባት በመሆኑ በመሣሪያው አይታይም። አንጀትንና አንጎልን የሚያገናኙት ነርቮች ከልክ በላይ ስሱ ስለሚሆኑ፣ ሌላው ሰው ልብ የማይለው ጥቂት ጋዝ አንጀትን ሲወጥር ለእርስዎ ቁርጠት ሆኖ ይሰማዎታል። «የአንጀት መቆጣት» የሚለው መጠሪያ ብዙዎችን ከአንጀት ብግነት ጋር ያምታታቸዋል፤ ሁለቱ የተለያዩ ናቸው፣ አይ.ቢ.ኤስም ወደ ካንሰር አይለወጥም። ጭንቀት ያባብሰዋል፤ ነገር ግን በአንዳንዶች ላይ የሚጀምረው ከአንጀት ኢንፌክሽን በኋላ ነው።

ከሁሉ ያሳሰበን አመጋገብዎ ነው። በአውስትራሊያ የሞናሽ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያዘጋጁት «ዝቅተኛ ፎድማፕ» የተባለው ሥርዓት፣ አንጀት ውስጥ ተብላልተው ጋዝ የሚፈጥሩትን እንደ ሽንኩርት፣ ስንዴ፣ ባቄላና ወተት ያሉትን የሚያስቀረው ከ2 እስከ 6 ሳምንት ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ አንድ በአንድ ይመለሳሉ። እርስዎ የዘለሉት ይህን መመለሱን ነው። በሥነ ምግብ ባለሙያ እየታገዙ፣ ለምሳሌ ካቋረጧቸው ምግቦች መካከል ወተትን ብቻ መልሰው፣ ለሦስት ቀን መጀመሪያ ሩብ ብርጭቆ፣ ከዚያ ግማሽ፣ ከዚያ ሙሉ እየጠጡ የተሰማዎትን ይመዝግቡ፤ ካልተነሣብዎ ያለ ስጋት ይጠጡት፣ ወደሚቀጥለውም ይለፉ። ለድርቀቱ ብለው የስንዴ ፉርሽካ አያብዙ፤ መነፋቱን ሊያባብሰው ይችላልና፣ ከእርሱ ይልቅ ሲሊየም (ውኃ ሲነካው የሚለሰልስ የዘር ገለባ) ይስማማል።

ሐኪምዎ የድባቴ መድኃኒት በአነስተኛ መጠን ቢያዝልዎ ቅር አይበልዎ፤ የሚታዘዘው የአንጀትን ነርቭ ለማርገብ ነው። ሆኖም ሰገራዎ ላይ ደም ካዩ፣ ሳያስቡት ከከሱ፣ ተቅማጡ ሌሊት ከእንቅልፍ ከቀሰቀሰዎ ወይም ደም ማነስ ከተገኘብዎ፣ የቀድሞው ውጤት ንጹሕ ነበር ብለው ሳይዘናጉ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ሐኪምዎ ይመለሱ።