የደራሲ ማኑስክሪፕት ለቴሲስ ይታመናል ወይ?

እህቴ፣ ጆርናሉ ክፍያ ስለጠየቀሽ ፐብመድ ሴንትራል (የሕክምና ጥናቶች በነፃ የሚነበቡበት የኢንተርኔት ማኅደር) ላይ በነፃ ያገኘሽውን «የደራሲ ማኑስክሪፕት» ለቴሲስሽ ልጠቀም ወይ ብለሻል። አማካሪሽ ደግሞ «ያልታተመ ነገር አትጥቀሺ» ብለውሻል። የእኔ ሥራ ከጥናቶች ቁጥር እየለቀሙ ሠንጠረዥ መሙላት ስለሆነ ማኑስክሪፕቱንና የታተመውን ጎን ለጎን ከፍቼ ነው የምውለው። ተጠቀሚበት፤ ቁጥሮቹን ግን አጣሪ።

አማካሪሽ ከፕሪፕሪንት ጋር ያምታቱት ይመስለኛል። ፕሪፕሪንት በጆርናል ሳይገመገም የሚለጠፍ ነው። ይሄኛው ግን ገምጋሚዎች አይተውት፣ ደራሲዎቹ አስተካክለውት፣ ጆርናሉም የተቀበለው ጽሑፍ ነው። የአሜሪካው ብሔራዊ የጤና ተቋም (ኤንአይኤች) በገንዘቡ የተሠራ ጥናት ፐብመድ ሴንትራል ላይ እንዲቀመጥ ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያስገድዳል። የቀረው የአሳታሚው የቋንቋ እርማትና የገጽ ቅንብር ነው።

ልዩነቱ በአብዛኛው ኮማ፣ ሪፈረንስና የሠንጠረዥ ቦታ ነው። እኔ የምፈራው ምልክቶችን ነው። ማይክሮ የምትባለዋ የግሪክ ፊደል ዎርድ ላይ «ሲምቦል» በሚባለው ፎንት ተጽፋ ከነበረ፣ ፋይሉ ሲቀየር ፎንቱ ከጠፋ ተራ «ኤም» ሆና ቁጭ ትላለች። ማይክሮግራም የነበረው መጠን ሚሊግራም ሆነ ማለት ነው፤ ሺህ እጥፍ! የመቀነስ ምልክትም እንዲሁ ብን ብላ ትጠፋለች። ይሄ ማኑስክሪፕቱ ላይ ብቻ የሚደርስ እንዳይመስልሽ፤ አሳታሚው ገጽ ሲያቀናብር የሚያበላሸው ሠንጠረዥም አለ። ስለዚህ ሁለቱ ሲጋጩ የታተመውን በጭፍን አትመኚ፤ ራስሽ አስዪው። ከ400 ሰው 120ው ከተባለ 30 በመቶ ነው፣ አለቀ።

ከዚህ የሚብሰው ከኅትመት በኋላ የሚመጣው ነው። ጆርናሉ ቆይቶ እርማት ቢያወጣ ማኑስክሪፕቱ ውስጥ ያለው ጽሑፍ እንደነበረ ይቀመጣል። ታትሟል ብሎ መዝናናትም አያዋጣም፤ ላንሴት የሚባለው የሕክምና ጆርናል ሜይ 22 ቀን 2020 ያወጣውን የሃይድሮክሲክሎሮኪን ጥናት ጁን 4 ቀን ሰርዞታል። በመሃል ፒዲኤፉን ያወረደ ሰው ኮምፒውተር ላይ ግን ፋይሉ ዛሬም ምንም ምልክት የለውም። ስለዚህ ከመጥቀስሽ በፊት የጥናቱን ገጽ ፐብመድ (የሕክምና ጥናቶች መፈለጊያ ድረ ገጽ) ላይ ክፈቺ፤ እርማትም ሆነ ስረዛ ካለ እዚያ ተያይዞ ታገኚዋለሽ። ዞቴሮ የሚባለውን የሪፈረንስ ማደራጃ ፕሮግራም የምትጠቀሚ ከሆነ የተሰረዘ ጥናት ስታስገቢ ራሱ ያስጠነቅቅሻል።

ደግሞ ላይብረሪያችሁን የሂናሪ መግቢያ ጠይቂ። የዓለም ጤና ድርጅት ከ2002 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚያቀርበው፣ የሚከፈልባቸውን የጤና ጆርናሎች የሚከፍት አገልግሎት ነው፤ የኢትዮጵያ ተቋማት በነፃ ይገቡበታል፤ ምናልባት የታተመውን እዚያው ታገኚው ይሆናል።

ሪፈረንስ ላይ የጆርናሉን ስም፣ ቅጽና ዲኦአይ (የጽሑፉን ቋሚ መለያ ቁጥር) ጻፊ፤ ያነበብሽው ማኑስክሪፕቱን ከሆነም ያንኑ ጥቀሺ፣ አማካሪሽ ቢጠይቁ መልስ ይኖርሻል። ቃል በቃል የምትወስጂው ዓረፍተ ነገር ካለ ግን የገጽ ቁጥሩን ከማኑስክሪፕቱ እንዳትወስጂ፤ ከጆርናሉ ጋር አይገጥምም።