መልስ፦ ደብረ ብርሃን ላይ በሐምሌ የተከልኩት ግራቪሊያ በጥቅምት ለምን ደረቀ?

የገደለው ውርጭ ነው። እንዳልከው እስከ መስከረም ለምልሞ፣ በጥቅምት ጫፉ ጠቁሮ ከደረቀ ውኃ ማነስ አይደለም። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ነው። ግራቪሊያ ወረድ ብሎ ወይና ደጋው ላይ ያምርበታል፤ የደጋውን ብርድ ግን አይችልም።

ለመጪው ክረምት ጽድ፣ ወይራ ወይም ኮሶ ትከል። በአንኮበርና በደብረ ሲና መካከል ያለውን የወፍ ዋሻ ደን ካየህ ጽዱ ራሱ ይመሰክርልሃል። ለከብት መኖም ከፈለግህ ትሪ ሉሰርን ጨምር፣ ደጋ ይስማማዋል።

1. ጉድጓዱን በግንቦት ቆፍር። 40 በ40 ሴንቲ ሜትር ይበቃል። የላዩን አፈር ለይተህ አስቀምጥና ስትተክል መጀመሪያ እሱን መልስ።
2. ዝናቡ ሲደላደል፣ ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ትከል። ችግኙ ያለበትን ፕላስቲክ ሙሉ በሙሉ አውጣ።
3. ረባዳውን ቦታ ተወው። ቀዝቃዛ አየር ሌሊት ወደ ታች ወርዶ የሚተኛው እዚያ ነው። ተዳፋቱ ይሻላል፤ እዚያ የተተከለ ዛፍ ጎርፉንም ያበርድልሃል፣ አፈርህም አይታጠብም። ዝናቡ እንዲህ አንዴ ወርዶ አንዴ በሚጠፋበት ዘመን ይሄ ትልቅ ነገር ነው።
4. ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ ከላዩ በሣር ከለላ ሥራለት።

አንድ ነገር ግን አደራ። እኛ አካባቢ ከውርጭ የተረፈውን ችግኝ የሚጨርሰው አዝመራ ከተሰበሰበ በኋላ የሚለቀቅ ከብት ነው። አጥር ብቻውን አያድነውም። ከመትከልህ በፊት ከጎረቤቶችህ ጋር ተነጋገር፤ በጋውን ማን እንደሚጠብቅ ተስማሙ።