ጎርፉን ከተውሽው ጥፋቱ ሁሉ በወንድምሽ ላይ ይወድቃል

ደብዳቤሽ ከጅማ ደርሶኛል። የኬሚስትሪ ማስተርስ ተማሪ ነሽ፤ ኮርስ ጨርሰሽ ፕሮፖዛል ላይ ደርሰሻል። የመሬት አጠቃቀምና ጎርፍ በጅማ ዙሪያ ያሉ ጅረቶችን የውሃ ኬሚስትሪ እንዴት እንደሚለውጡ ልታጠኚ ነው። የሚያስተምርሽ ታላቅ ወንድምሽ አጋሮ አካባቢ የእሸት ቡና ማጠቢያ አለው። ርዕሱን ሲሰማ «በእኔ ብር ተምረሽ የእኔን ጉሮሮ ልትዘጊ ነው?» ብሎሻል። አማካሪሽ ደግሞ ክረምቱ ካልገባበት አልፈርምም ብሏል። አንቺ መሀል ሆነሽ አንድ መላ መታሽ፦ ከጥቅምት እስከ ጥር ናሙና ልሰብስብ፣ ጎርፉን ልተወው፣ ቶሎ ልመረቅና ሥራ ልያዝ፤ ወንድሜም ይበርድለታል።

ሌሎች ጥያቄዎችም አሉሽ፣ እመለስባቸዋለሁ። ይህቺን መላ ግን ዝም ብዬ ላልፋት አልቻልኩም። ወንድምሽን አታድነውም። እንዲያውም ብቻውን ተከሳሽ ታደርገዋለች።

ለምን በይኝ። የቡና ማጠቢያ ሥራ የሚጧጧፈው ከጥቅምት ወዲህ ነው። ዝናቡ አብቅቶ ጅረቱ እየሳሳ ባለበት ጊዜ ማለት ነው። ቀይ እሸቱ ተፈልፍሎ ሲታጠብ የሚወጣው ውሃ ስኳርና ዝልግልግ ነገር የበዛበት ነው። ሲቦካ ይኮመጥጣል፤ የኮምጣጣነት መለኪያው ፒኤች ወደ 4 ገደማ ይወርዳል (ከ7 ባነሰ ቁጥር የበለጠ ኮምጣጣ ነው)። ጅረት ውስጥ ሲገባ ተህዋስያን ስኳሩን ሲበሉ በውሃው ውስጥ የሟሟውን ኦክስጅን አብረው ይጨርሱታል። ጅረቱ ራሱ ትንሽ ስለሆነ ቆሻሻውን የሚያቀጥን ውሃ የለም። ስለዚህ በእነዚህ ወራት ብቻ የለካ ሰው የሚያገኘውን ከአሁኑ ልንገርሽ፦ ከማጠቢያው በላይ ደህና ውሃ፣ ከማጠቢያው በታች የታፈነ ውሃ። ሌላ ተጠርጣሪ በወረቀትሽ ላይ አይኖርም። የወንድምሽን ስም ባትጽፊም አገሬው ማጠቢያዎቹ የማን እንደሆኑ ያውቃል።

ክረምት ላይ ነገሩ ይለወጣል። የጅማ ቀይ አፈር ብረትና አሉሚኒየም ስለሚበዛበት ፎስፎረስን፣ ያንን የተክል ምግብ፣ አንቆ ይይዛል። ፎስፎረሱ በብዛት ጅረት የሚገባው አፈሩ ራሱ ታጥቦ ሲሄድ ነው። አፈሩን የሚወስደው ደግሞ ጎርፍ ነው። ተዳፋት ላይ ያለ፣ ገና የታረሰና ምንም ያልሸፈነው የበቆሎ ማሳ በአንድ ኃይለኛ ዝናብ የሚያወርደውን አስቢ። በጥላ ዛፍ ሥር ያለ ቡና ግን መሬቱ በቅጠል የተሸፈነ ስለሆነ አፈሩን ይዞ ይቀራል። አየሽ፣ ያው ቡና በጥቅምት ችግር ፈጣሪ ነው፣ በሐምሌ አፈር ጠባቂ ነው። ይህን ሁለተኛውን ገጽ ሊያሳይ የሚችለው ጎርፉ ብቻ ነው፤ አንቺ ደግሞ ልትተይው ነው።

ከተማውንም አትርሺ። አዌቱ በጅማ መሀል አልፎ፣ በቦዬ ረግረግ አድርጎ ወደ ግልገል ጊቤ ይሄዳል። በጋውን ሙሉ በየቦዩና በየጉድጓዱ የተጠራቀመው ሁሉ የሚወርደው በመጀመሪያዎቹ ዝናቦች ነው። እነሱ አቦል ናቸው። ነሐሴ ላይ የምትቀጂው በረካ ነው። አማካሪሽ «ክረምት» ሲል አንድ ቀን ነሐሴ ላይ ወርዶ ጠርሙስ መሙላት መስሎሽ ከሆነ አይደለም።

ጎርፍ ሲመጣ ሁሉም ነገር ይጨምራል ብለሽም እንዳትነሺ። ዝናብ በሌለበት ጊዜ ጅረቱን የሚመግበው ከመሬት ሥር የሚመጣ ውሃ ነው። ከድንጋይ ጋር ረጅም ጊዜ ስለቆየ ካልሲየም፣ ማግኒዚየምና ሲሊካ ይዞ ይመጣል። ጎርፉ እነዚህን ያቀጥናል፣ ስለዚህ ኮንዳክቲቪቲው፣ ማለትም ውሃው ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙ፣ ይወርዳል። በዚያው ሰዓት ድፍርስነቱ፣ ከአፈር ጋር የተጣበቀው ፎስፎረስና ከላይኛው አፈር የሚታጠበው ኦርጋኒክ ካርቦን ይወጣሉ። ናይትሬት የሚባለው የናይትሮጅን ውህድ ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። በውሃ ስለሚሟሟ በአፈር ውስጥ ሰርጎ ይመጣል፤ ብዙ ጊዜም ከጭቃው በኋላ ነው የሚደርሰው። ስለዚህ ጅረቱ ሲሞላና ሲጎድል ከፍታው እኩል ሆኖ ኬሚስትሪው ሊለያይ ይችላል። በወር አንድ ጠርሙስ ይህን ሁሉ አያይም። በዓመት ውስጥ ከሚወርደው ደለልና ፎስፎረስ አብዛኛው የሚያልፈው ብዙ ጊዜ በጥቂት የጎርፍ ቀናት ነው።

የመሬት አጠቃቀምን ለማነጻጸር ደግሞ ሁለት ተመሳሳይ ጅረቶች ያስፈልጉሻል፤ አንዱ ከጫካ ቡና የሚወርድ፣ ሌላው ከእርሻ። በአሜሪካ ኒው ሃምፕሸር፣ ሀባርድ ብሩክ በሚባል ጫካ፣ እ.ኤ.አ. በ1965 መጨረሻ የአንድ ትንሽ ተፋሰስ ዛፎች በሙሉ ተቆረጡ፤ ተመልሶ እንዳይበቅልም መድኃኒት ተረጨበት። የጅረቱ ናይትሬት ብዙ እጥፍ አሻቀበ። ያን ያህል አፍ ሞልቶ መናገር የተቻለው አቅራቢያው ያለ ያልተቆረጠ ተፋሰስ አብሮ ስለተለካ ነው። አንቺ ዛፍ ልትቆርጪ አይደለም፤ አነጻጽሮ መለካቱን ግን ውሰጂ።

ጊዜና ብር ካጠረሽ ከነሐሴ ይልቅ ከሚያዝያ እስከ ሰኔ የሚመጡትን ቀዳሚ ጎርፎች ያዢ። አንድ ጎርፍ ሲሞላም ሲጎድልም ደጋግመሽ ቅጂ። ድልድዩ ላይ በቀለም የመለኪያ ምልክት አድርገሽ የውሃውን ከፍታ መዝግቢ። በገመድና በባልዲ ከላይ ሆነሽ ቅጂ፤ ወደ ውሃው አትውረጂ፣ ብቻሽንም አትሂጂ። ለጠቅላላ ፎስፎረስ የምትወስጂውን ናሙና አታጣሪው፤ ካጣራሽው የፈለግሽው ነገር ማጣሪያው ላይ ይቀራል። ናሙናው በአይስ ቦክስ ሆኖ በቶሎ ላብራቶሪ ይግባ።

አሁን ወደ ወንድምሽ። ልጅቷ በወንድሟ ብር ተምራ ወንድሟን አጋለጠች እንዳይባል ነው የፈራሽው። ይገባኛል። ግን እቅጩን ልንገርሽ፦ ወንድምሽ የከፈለው የትምህርት ቤት ክፍያ ነው፣ ውጤቱን አልገዛም። ደግሞም አንቺ ባትለኪውም ሕጉ አለ። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ 300/1995 ከወጣ ቆየ። ዛሬ ያልመጣ ተቆጣጣሪ ነገ ይመጣል፤ ያኔ ፍሳሹን በማስቀሪያ ጉድጓድ ማቆየት፣ የማጠቢያውን ውሃ መልሶ መጠቀምና ገለባውን ኮምፖስት ማድረግ የሚያውቅ ሰው ከቤቱ ቢገኝለት ማንን ሊጎዳ? ይህን እራት ላይ አትንገሪው። ማጠቢያው ድረስ ሄደሽ፣ ፍሳሹ አጠገብ ቆማችሁ ንገሪው። ካልሰማ ኩርፊያውን ቻዪው። ያልፋል።

ለአማካሪሽ ግን ዛሬውኑ ንገሪው። የናሙና ቦታሽ ከወንድምሽ ማጠቢያ በታች ባይሆን ይሻላል። የግድ ከሆነ ዝምድናውን በጽሑፍ አሳውቂ። ተደብቆ ቆይቶ በመጨረሻው ግምገማ ላይ ከወጣ ዳታሽን ማንም አያምነውም።

«በዚህ ሥራ ይገኛል ወይ?» ላልሽው፦ የከተማ ውሃ አገልግሎቶች ላብራቶሪ አላቸው። በአዋጅ 299/1995 መሠረት የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ የሚሠሩ አማካሪ ድርጅቶችም መስክ ወርዶ የሚለካ ሰው ይፈልጋሉ። ግልገል ጊቤ አንድ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ 184 ሜጋ ዋት ለማመንጨት የተሠራ ግድብ ነው፤ ከጅማ ዙሪያ ጅረቶች የሚወርደው ደለል የሚሄደው ወደዚያ ነው፤ እሱንም የሚለካ ሰው ያስፈልጋል። እኔ ራሴ የተነሳሁት ከውሃ ላብራቶሪ ቴክኒሻንነት ነው፤ ቦቲ አድርጌ፣ ጠርሙስ ተሸክሜ። ደመወዙ ትንሽ ነው፣ አልዋሽሽም። መጀመሪያዎቹ ዓመታት ላይ ከቤት ኪራይ የሚተርፍሽ ነገር እምብዛም ነው። ወንድምሽ «ባንክ ግቢ» ያለሽ ወር በገባ ቁጥር ትክክል ይመስልሻል። ቢሆንም የጎርፍ ናሙና መያዝ የሚችል፣ መሣሪያ ካሊብሬት ማድረግ (ልኩን ማስተካከል) የሚያውቅ ኬሚስት እንደ ልብ አይገኝም። ዲግሪ ያለው ግን ሞልቷል።

ፒኤችዲ? መጀመሪያ ሁለት ሦስት ዓመት ሥሪ።

እናትሽ ስለ ትዳር ያሉትን አንብቤዋለሁ። ጅረት መለካት አንድ ሴሚስተር ነው የሚያዘገይሽ፤ ይህን ያህል መጠበቅ የማይችል ባል ከሆነ ይቅርብሽ።

እንግሊዝኛሽ ደካማ ከሆነ መጀመሪያ ሠንጠረዦቹንና ግራፎቹን ጨርሺ። ከዚያ በእያንዳንዱ ግራፍ ሥር የምታዪውን በአጭር ዓረፍተ ነገር ጻፊ። ፕሮፖዛሉን ክረምቱን ጨምረሽ ስትከልሺ ላኪልኝ፤ የናሙና ዕቅዱን አየዋለሁ።